አባ ሙጫና የተጣበቁት ገጾች

ዝናብ የማይተዋወቀውን ያስተዋውቃል፤ የሚተዋወቀውን ደግሞ ያነጋግራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቄ ስመለስ ዶፍ መንገድ ላይ ያዘኝና በአንድ የተዘጋ መድኃኒት ቤት ታዛ ሥር ተጠለልኩ። አንዲት ወጣት ሴት ቀድማኝ ቆማለች። ካፖርቷን አውልቃ ትልቅ ጥቅል ሸፍናበታለች፤ እሷ ራሷ ግን በስስ ሹራብ ሆና ከጸጉሯ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ቀና ስትል አወቅኋት። የጎረቤቴ የመጽሐፍ ጠራዡ የወንድም ልጅ ናት፤ በሠፈራችን ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች።

“ልጄ፣ ካፖርት የሚሰፋው ለሰው መስሎኝ ነበር” አልኳት።

“እኔ ብርስም እደርቃለሁ ጋሼ፤ ይሄ ከራሰ ግን አለቀለት” አለችና ጥቅሉን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

እኔ መነጽር ጠጋኝ ነኝ። የእኔና የጠራዡ ሱቅ ድሮ አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቱ ለሁለታችን ሲያከራየን መካከሉን በጣውላ ከፈለው፤ ጣውላው ግን ጣሪያው ድረስ አልደረሰም። ስለዚህ የእሳቸው የሙጫ ሽታ ወደ እኔ ይመጣል፣ የእኔ የሞረድ ድምፅ ወደ እሳቸው ይሄዳል፣ ወሬ ደግሞ የጋራችን ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቃትን ጥቂት ነገር ያገኘኋት ለጥራዝ የሚመጡትን መጻሕፍት እየተዋስኩ በማንበብና ሰው ሲናገር ዝም ብዬ በመስማት ነው። የመነጽር ብሎን ሲጠብቅ የሚያዘው እጅና ዓይን ነው፤ ጆሮ ሥራ የለውም።

ዝናቡ እስኪያባራ አስተማሪዋ ነገሯን አጫወተችኝ። ለልጆች የሚሆን፣ ሥዕል የበዛበት የሳይንስ መጽሐፍ አዘጋጅታለች። ሕይወት ያላቸው ነገሮች በረጅም ዘመን ውስጥ እንዴት እየተለወጡ እዚህ እንደደረሱ፣ ዝግመተ ለውጥ የሚባለውን ማለት ነው፣ ሕፃን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ነው። ሥዕሎቹን የሳለቻቸው ራሷ ናት። ማተሚያ ቤቱ በትልልቅ ወረቀት አትሞ ሰጥቷታል፤ የቀረው መታጠፍ፣ መሰፋትና መጠረዝ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወላጆች በስብሰባቸው አይተው ከወደዱት ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ካልወደዱት ይቀራል ብሏታል።

“ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? አጎትሽን የሚያህል ጠራዥ እያለሽ።”

“እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ ጋሼ። ሌላ ጠራዥ ጠፍቶ አይደለም። ግን አባቴ ከሞተ ጀምሮ አሳድገው ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ፊታቸውን ያጠቆሩበትን መጽሐፍ ለሌላ ሰው ልጅ እንዴት ብዬ እሰጣለሁ?”

ይህን ስትል የመጽሐፉ ዕጣ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤት ሰላምም በዚያ ጥቅል ውስጥ እንዳለ ገባኝ። ጃንጥላ ስላልነበረኝ ጋዜጣዬን አካፈልኳትና አብረን ሮጥን።

ጠራዡን ሠፈሩ አባ ሙጫ ይላቸዋል። አንደኛ፣ እጃቸው ሁልጊዜ ስለሚጣበቅ ነው፤ ሁለተኛ ከአፋቸው አንድ ጊዜ የወጣ ነገር ስለማይላቀቅ ነው። እሳቸውም ስሙን ያውቁታል፤ “ከአባ ልቅላቂ ይሻላል” ብለው ይስቃሉ። ሱቃቸው ጠባብ ናት። አንድ ወፍራም የእንጨት መጭመቂያ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ የሞላበት ሳጥን፣ ክርና መርፌ፣ ከአጥንት የተሠራች ወረቀት ማጠፊያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የዱቄት ሙጫ የሚያበስሉበት ድስት አለ። አንድ የሚኮሩበት ሕግም አላቸው፤ የሚጠርዙትን መጽሐፍ አያነቡም። የሙያ አባታቸው ናቸው እንዲህ ያስተማሯቸው፤ “ጠራዥ በር ጠባቂ ነው። እንግዳውን ያስገባል እንጂ ከማዕዱ አይቀመጥም። ካነበብክ ታዳላለህ፤ ካዳላህ እጅህ ይበላሻል።” በዚህ ሕግ የጸሎቱንም የቀልዱንም፣ የሕክምናውንም የፍቅሩንም በአንድ ዓይነት ስፌት ሲሰፉ ኖረዋል። እሳቸው ይጠርዛሉ፣ እኔ አነባለሁ፤ ለጉርብትና የሚመች የሥራ ክፍፍል ነበር።

“መጣሽ? ደግሞ ምነው ዓሣ መሰልሽ?” አሏት ገና ስንገባ፤ ፎጣም ወረወሩላት።

አስተማሪዋ ጥቅሉን ፈታች። አባ ሙጫ ከወረቀቶቹ አንዱን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ፣ መልሰው አወረዱት። እኔ ከቆምኩበት ወረቀቱ አይታየኝም፤ ፊታቸው ግን ይታየኛል። እንደ መብራት ጠፋ።

“ይሄ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው ነው?” አሉ።

“እንደዚያ አይልም አጎቴ።”

“ቃሉ ባይል ሥዕሉ ይላል።”

አስተማሪዋ ልታስረዳ ሞከረች። እሳቸው ግን በሥዕሉ አልተከራከሩም፤ ወደ ሌላ ዞሩ። “ልጅ ማለት እርጥብ ወረቀት ነው። የጫኑበትን ቅርጽ ይይዛል። ዛሬ ‘የአውሬ ዘመድ ነህ’ ብለሽ ጫኚበትና ነገ ‘ሰው ሁን’ በይው። በምን ጆሮው ይሰማሻል?”

“እርጥብ ወረቀት አይጠይቅም አጎቴ፤ ልጅ ግን ይጠይቃል። አንዱ ዶሮ ለምን ጥርስ የላትም አለኝ። ሌላው የሌሊት ወፍ ወፍ ናት ወይስ አይጥ አለኝ። ዝም በሉ ብላቸው መልሱን ከመንገድ ያመጡታል። የመንገድ መልስ ምን እንደሚመስል ደግሞ እርስዎ ያውቁታል።”

“አውቃለሁ። ግን ለሁሉም ጊዜ አለው።”

“የጥያቄ ጊዜው የተጠየቀ ዕለት ነው።”

እንዲህ እየተመላለሱ ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አባ ሙጫ ወረቀቶቹን ሰበሰቡ። “በቃ፣ እጠርዘዋለሁ። ሥራ ሥራ ነው” አሉ። አስተማሪዋ ደስ ብሏት ጉንጫቸውን ስማ ወጣች። እኔ ግን እሺታቸው ፈጠነብኝ። የእሳቸው እሺ እንደ ሙጫቸው ነው፤ ካልቆየ አይዝም።

መጽሐፉ አልቆ ሲወጣ አየሁት። ጥቁር ቀይ ቆዳ ለብሷል፤ ጀርባው ላይ ጣት የሚዳስሳቸው ጉብታዎች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል። አስተማሪዋ በወረቀት እንደተጠቀለለ ተቀብላ በጥድፊያ ወደ ክፍሏ ሄደች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ከጣውላው ማዶ ጠፋ። ከሥራ ስትወጣ ሻይ ሳትጠጣ አልፋ የማታውቅ ልጅ አንድ ቀን ቀረች፣ ሌላም ቀን ቀረች። አባ ሙጫ ግን ብርጭቆዋን አጥበው በቦታዋ ያስቀምጣሉ፤ በማግስቱም ያጥቧታል።

የሆነውን ኋላ ሰማነው። አስተማሪዋ መጽሐፉን በልጆች ፊት ከፍታ እያሳየች ስትገልጥ አንድ ቦታ ላይ ቅጠሉ ወፈረባት። ሁለት ገጾች ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላም አለ። የአጋጣሚ ሙጫ አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ቅጠል እስኪመስል ድረስ በጥበብ የተጣበቀ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረችም። ምንም ሳትል ዘላ ቀጠለች። ልጆች ግን ተዘሎ የታለፈን ነገር ወዲያው ያውቃሉ።

አንድ ከሰዓት አባ ሙጫ መነጽሬ ላላ ብለው ወደ እኔ መጡ። መነጽሩ አልላላም። እንደላላ አድርጌ ብሎኑን ነካካሁት፤ ይዤላቸውም ወደ ሱቃቸው ሄድን። የሚሉት ነገር እንዳለ ያስታውቃሉ፤ ሰው ሊናገር ሲል ደግሞ መቸኮል አይገባም። ሙጫ ማማሰል ጀመሩ። በዚህ መሃል የልጃቸው ልጅ ቦርሳዋን እያንጠለጠለች ገባች። ይህቺ ልጅ በአስተማሪዋ ክፍል ትማራለች፤ ቤት ውስጥ “ጥያቄ” ይሏታል፤ ለምን እንደሚሏት ከእሷ ጋር የተቀመጠ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

“አባባ፣ የተጣበቀው ገጽ ላይ ምንድን ነው ያለው?”

ማማሰያዋ ቆመች።

“የቱ ገጽ?”

“የእትዬ መጽሐፍ። አንዱ ልጅ ዓለም የሚጠፋበት ቀን ተጽፎበታል አለ። ሌላው ደግሞ ካየሽው ዓይኑን የማይነቅልብሽ ሥዕል ነው አለኝ። እኔ አላመንኩም። ግን እናቴን መብራት አታጥፊ አልኳት።”

አባ ሙጫ የልጅ ልጃቸውን አዩና ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። የልጅን እንቅልፍ ይጠብቃል ብለው ያደረጉት ነገር የልጅን እንቅልፍ መስረቁን ያን ጊዜ ነው የሰሙት።

“አባባ፣ አንተ ነህ ያጣበቅከው?”

እኚህ ሰው ግትር ናቸው፤ ውሸታም ግን አይደሉም። “እኔ ነኝ” አሉ።

“ለምን?”

“ጥሩ ነገር ስላልሆነ።”

“አነበብከው?”

“እኔ መጽሐፍ አላነብም፤ እጠርዛለሁ።”

“ታዲያ በምን አወቅክ?”

በር ላይ የሰው ጥላ አረፈ። አስተማሪዋ መጽሐፉን ይዛ ቆማለች፤ ልጅቷን ተከትላ እንደመጣች ያስታውቃል። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም፤ ፊቷ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ለሁላችንም ይቀል ነበር።

“የመጣሁት ልወቅስዎት አይደለም አጎቴ” አለች፤ መጽሐፉን በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። “የወላጆች ስብሰባ ደርሷል። የተጣበቀ መጽሐፍ ይዤ ከምገባ ባልገባ ይሻለኛል። ግን ሳልጠይቅዎት አልቀርም። እዚህ ቤት ውስጥ ወረቀት ማበላሸት ኃጢአት ነው ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ምን ቢያዩ ነው?”

አባ ሙጫ የመጽሐፉን ሽፋን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለውጦ ወጣ። “ከዝንጀሮ ጎን አቁመሽ ስለሽኛል። ይሄ ጢም የኔ ነው፣ ይሄ ሽርጥ የኔ ነው። ጎኔ ላይ እሷ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። አሳድጌሽ የከፈልሽኝ ይሄን ነው?”

አስተማሪዋ ግራ ገባት። “የት ነው ከጎንዎ ያለችው? መጽሐፉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ገጽ የለም።”

“ወረቀቱ ላይ ነዋ። የዘረጋሁት ጊዜ።”

“ሳይታጠፍ?”

ቃሏ ከአፏ ሲወጣ የእሳቸው እጅ ጢማቸው ላይ ቀረ።

ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገር። ማተሚያ ቤት መጽሐፍን ገጽ በገጽ አያትምም። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ገጾች ያትማል፤ ገጾቹም በተራቸው አይቆሙም። ሦስተኛው ከስድስተኛው ጎን፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ጎን ይውላል። ወረቀቱ ሲታጠፍና ሲቆረጥ ነው ሁሉም ቦታ ቦታውን የሚይዘው። አባ ሙጫ በዕድሜያቸው ስንቱን ተማሪ “ሳይታጠፍ አትፍረድ፤ ያልታጠፈ ወረቀት ዋሾ ነው” ብለው ገሥጸዋል። ያን ቀን ግን ጢማቸውን ዝንጀሮ ካሏት ከቺምፓንዚዋ ጎን ሲያዩ ሙያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሌላ ሰው በዚያ መንገድ ሊሳሳት አይችልም፤ ያልታጠፈ ወረቀት የሚያየው ጠራዥ ብቻ ነውና።

“ስድስተኛው ገጽ ላይ ነዎት” አለች ቀስ ብላ። “እሷ ሦስተኛው ላይ ናት። በመካከላችሁ ዓሣ ነባሪ አለ።”

“በመካከላችን ዓሣ ነባሪ አለ” አሉ እየደጋገሙ፤ እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ግን አባ ሙጫ እንዲህ በቀላሉ አይላቀቁም። “እሺ፣ ሥዕሉ ይቅር። እሱ የኔ ጥፋት ነው። ነገሩ ግን ነገር ነው። አንዱ ፍጥረት ሌላ ይሆናል የሚለውን እኔ ዓይኔ አላየውም።”

አስተማሪዋ ወንበር ሳበችና ብርጭቆዋን አነሳች። ብርጭቆዋን ስታነሳ ሽማግሌው አዩና ሻይ ቀዱላት። እኔም ክርክሩ ከዚህ በኋላ የዘመድ ክርክር እንደሆነ ተረዳሁ።

“ሱቅዎን የወረሩት አይጦች እንዴት ናቸው?” አለቻቸው።

“እነሱማ ሙጫዬን ሊጨርሱት ነው። ያ የድሮው መርዝ አንድ ሰሞን ፈጃቸው፤ አሁን እንደ ማር ይልሱታል። ተምረዋል መሰለኝ።”

“አልተማሩም አጎቴ። መጀመሪያም ከብዙዎቹ መካከል መርዙ የማይገድላቸው ጥቂት ነበሩ፤ ሲወለዱ እንደዚያ ሆነው። ሌሎቹ ሞቱ፤ የሞተ አይወልድም። የተረፉት ወለዱ፤ ልጆቻቸውም እነሱን መሰሉ። ዛሬ ግድግዳዎ ውስጥ የሚሯሯጡት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። የኔ መጽሐፍ የሚለው ይህንን ነው። በእርስዎ ሱቅ በጥቂት ዓመት ይህን ያህል ከተለወጠ፣ በምድር ላይ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ምን ያህል ይለወጣል?”

“አይጧ ግን አይጥ ናት። ድመት አልሆነችም።”

“ድመትስ አትሆንም። ምን እንደምትሆን ማንም አያውቅም፤ በአንድ ጀንበርም አይሆንም። ‘ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል’ እያሉ መርፌ ያስያዙኝ ማን ነበሩ?”

አባ ሙጫ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። “እኔ ስለ ስፌት ነበር የተናገርኩት።”

ይህ ሁሉ ሲሆን “ጥያቄ” መጽሐፉን ወደ ራሷ ስባ ጀርባውን በጣቷ ትዳስሳለች። “አባባ፣ ይሄ ጉብታ ምን ይሠራል?”

ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ አባ ሙጫ ቁጣም ይረሳሉ። ድሮ ድሮ፣ አሉ፣ ወረቀቱ የሚሰፋው በወፍራም ገመድ ላይ ነበር። ገመዱ ከቆዳው ሥር ጎልቶ ይወጣል፤ ጉብታው እሱ ነው፤ መጽሐፉን አንድ ላይ የሚይዘውም እሱ ነበር። ዛሬ በጠፍጣፋ ጥብጣብ ስለሚሰፋ ገመድ አያስፈልግም። ሰው ግን ጉብታ የሌለው ጥራዝ ጥራዝ አይመስለውም። ስለዚህ የካርቶን ቁራጭ ከቆዳው ሥር ያጣብቃሉ።

“ታዲያ አሁን አይሠራም?”

“አይሠራም።”

“ለምን አለ?”

“የድሮዎቹ ስለነበራቸው ነዋ። ይሄ ከእነዚያ የመጣ ነው።”

“እንደ ዓሣ ነባሪዋ” አለች ልጅቷ። መጽሐፉን ከተጣበቁት መካከል ያሉት ሁለት ገጾች ላይ ከፈተችው። ዓሣ ነባሪዋ እንደ ተኛች መርከብ ከዳር እስከ ዳር ተስላለች፤ ከሥጋዋ ውስጥ፣ ወደ ጅራቷ አካባቢ፣ ከሌላው አጥንት ጋር ያልተያያዙ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ይታያሉ። ሥሩ ላይ የዳሌ አጥንት መሆናቸው ተጽፏል። ዓሣ ነባሪ አትራመድም፤ የጥንት አያቶቿ ግን በየብስ ላይ በአራት እግር ይሄዱ ነበር።

አባ ሙጫ ሥዕሉን አዩ። ጣታቸውን ወስደው የመጽሐፉን ጉብታ ነኩ፤ ከዚያ አጥንቶቹን ነኩ። እኔ የሰው ሐሳብ ሲዞር አይቼ አውቃለሁ፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፣ መጀመሪያ ይንጫጫል። እሳቸው ግን ጣታቸውን እንደገና ወደ ጉብታው መለሱ።

በመጨረሻ የሚፈሩትን ጠየቁ። “ልጄ፣ እኔ የማላውቀውን አላውቅም ማለት አይከብደኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይሄ መጽሐፍ ፈጣሪን ከሥራው ያስወጣል?”

“የሳይንስ መጽሐፍ እንዴት ሆነ የሚለውን ነው የሚመረምረው። በማን ፈቃድ ለሚለው መልስ ልስጥ ቢል ከድንበሩ ያልፋል። የሚያምነውም የማያምነውም የሚያዩት ያንኑ አጥንት ነው። እርስዎ ያስተማሩኝን ጸሎት እኔ ዛሬም አልተውኩም።”

ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ቃል አመለጠኝ። “ጋሼ፣ መጽሐፍ ጠርዘው መጭመቂያ ውስጥ ሲያስገቡ ሙጫው የሚደርቀው በራሱ ጊዜ ነው። ሙጫው ቀስ ብሎ ደረቀ ብንል እርስዎ አልጠረዙትም ማለት ነው?”

“አንተ ደግሞ፣ መነጽር ትጠግናለህ ወይስ ሰው?” አሉኝ። ግን ቁጭ ብለው አሰቡበት።

አስተማሪዋ የቀረውን ቋጠሮ ፈታችው። “እኔና ልጅዎ ማን ከማን ተወለድን?” አለቻቸው።

“ምን ማለትሽ ነው? የአጎት ልጆች ናችሁ።”

“እኔ ከሱ አልተወለድኩም፤ እሱም ከኔ። ግን ወደ ኋላ ቢቆጠር አንዲት አያት ላይ እንገናኛለን። እኛና ያቺ ቺምፓንዚም እንደዚያ ነን፤ አያቲቱ ብቻ እጅግ ሩቅ ናት። ልጅዎ የአጎቴ ልጅ ነው ማለቴ እኔን ያሳንሰኛል?”

“እሱን ካየሁት ትንሽ ያሳንስሻል” አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን፤ ልጅቷም ስለ አባቷ እንደሆነ ገብቷት ይበልጥ ሳቀች።

ከዚያ አባ ሙጫ ተነሡ። ውሃ አሞቁ፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክረው ጨመቁ፣ በተጣበቁት ገጾች ዳር ላይ አኖሩ። አስተማሪዋ ወረቀቱ ይቀደዳል ብላ ፈራች። “አይቀደድም” አሏት ቀና ሳይሉ። “በዱቄት ሙጫ ነው ያጣበቅኩት። በጠንካራው ማድረግ እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። የዱቄቱ ይመለሳል።” አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች። ያን ያህል ተቆጥተው እንኳ የመመለሻ በር ትተው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

የአጥንቷን ማጠፊያ በገጾቹ መካከል አስገብተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቀስ ቀስ እያደረጉ ገፉ። ሦስተኛው ገጽ ተከፈተ። ቺምፓንዚዋ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ተጠግታ አየቻትና “እሷ ናት? ይቺ ናት?” አለች፤ እንደ ማዘንም እንደ ማረፍም ያለ ድምፅ ነበር። አባ ሙጫ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከሙያ አባታቸው ጋር የገቡትን ቃል ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርሰው ጮክ ብለው አነበቡ።

“ይህች አያታችን አይደለችም። የሩቅ ዘመዳችን ናት። ከእኛ ቤትም ከእሷ ቤትም በፊት፣ ለሁለታችን የጋራ የሆነ አያት ነበረ።”

ለክርክራቸው ሁሉ መልስ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጃቸው አጣብቀውት ኖሯል። ስድስተኛውንም ከፈቱ። ሽርጥ ያሰረ ባለጢም ሽማግሌ ለአንዲት ትንሽ ልጅ መርፌ ሲያስይዝ ተስሏል። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ዘር የሚያወርሰን አለ፤ ሰው የሚያስተምረን ደግሞ አለ። ሰው እጅግ ብዙ ነገር ከእጅ ወደ እጅ፣ በፍቅር ያስተላልፋል።”

“እኔ ነኝ” አሉ።

“እርስዎ ነዎት” አለች።

አባ ሙጫ እርጥቡን ገጽ በመምጠጫ ወረቀት ሸፍነው ከመጭመቂያው ሥር አስገቡት። አስተማሪዋ የቀዘቀዘውን ሻይዋን ጠጣች፤ ልጅቷም ዛሬ መብራት ቢጠፋ ግድ የለኝም አለች።

በወላጆች ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ። አንድ አባት ተነሥተው፣ አባ ሙጫ በሱቁ ያሉትን ቃል በቃል ማለት ይቻላል ደገሙት። አስተማሪዋ ልትመልስ ስትል ከኋላ ወንበር ሽማግሌው ቆሙ። “ወንድሜ፣ እኔም እንደ አንተ ብዬ ነበር። ያልኩት ግን ሳላነብ ነው። አንተ አንብበኸዋል?” አሏቸው። ሰውየው አላነበብኩም አሉ። “እንግዲያው እንካ፤ ገጹ ትንሽ ተጨማድዷል፣ እሱ የኔ እጅ ነው” ብለው መጽሐፉን ሰጧቸው። ሰውየው ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ገለጡት። መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ሌሎቹንም ቅጂዎች የጠረዟቸው አባ ሙጫ ናቸው፣ ያለ አንዳች የተጣበቀ ገጽ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩትን ልንገርህ። ከልጅ የተሰወረ ነገር አይጠፋም፤ ጨለማ ውስጥ ያድጋል፣ ከእውነቱም የከፋ መልክ ይይዛል። በሥዕል ተብራርቶ በአስተማሪና በወላጅ ፊት የተነገረው ግን ፍርሃትን ያወጣል፤ ልጅ ዶሮውንም፣ አይጡንም፣ የራሱንም እጅ በአክብሮት እንዲያይ ያደርገዋል። የእኛ ሠፈር ልጆች ዛሬ ቢራቢሮ ሲይዙ ክንፏን አይነቅሉም፤ ይቆጥራሉ፣ ያነጻጽራሉ፣ ይለቋታል። ሐኪም የሰጣቸውን መድኃኒት ግማሹን ጠጥተው መጣል የአባ ሙጫን አይጦች ስለሚያስታውሳቸው፣ ወላጆቻቸውን “ጨርሱት፣ የተረፉት ጀርሞች ይወልዳሉ” እያሉ ይቆጣሉ። እምነታቸውም አልቀነሰም፤ የኔም እንደዚያው። ማታ ስጸልይ አሁን የማመሰግንበት ዘመን ረዘመ፤ እስከ ዓሣ ነባሪዋ የጥንት አያቶች ድረስ ይሄዳል።

አባ ሙጫ ሕጋቸውን ለውጠዋል። አሁን ጠርዘው ሲጨርሱ ያነባሉ፤ ደንበኞች መጽሐፋችን ዘገየ እያሉ ያማርራሉ፤ እኔም የምዋሰው አጣሁ፤ “ገና ሃምሳኛው ገጽ ላይ ነኝ” ይሉኛል በጣውላው ማዶ። ያ የመጀመሪያው መጽሐፍ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው እሱ ነው። እርጥበት የነካቸው ገጾች ሞገድ ይዘው ስለቀሩ፣ ጠረጴዛ ላይ አኑረው እጃቸውን ሲያነሡ በራሱ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው።